የአብዱልሰላም ስኳር

ደሴ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩት አጎቴ ሐጂ አብዱልሰላም
ሁዴይዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ባሕሩ ቢጋርደንም ዱዓ የይለፍ ወረቀት አይጠየቅምና በየመግሪቡ እየተሻገረ እርስዎ ዘንድ እንደሚደርስ እናምናለን። አላህ ጤናዎን፣ ሱቅዎንና ጥርስዎን ይጠብቅልን። (ጥርስዎን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሁለት ወለቁብኝ ብለው ነበር።)

እስከዚህ ያጻፉኝ አያቴ አባባ እንድሪስ ናቸው። አሁን ለዙህር ሰላት ተነሥተዋልና ብዕሩ በእኔ በጀዋሂር እጅ ቀርቷል።

ሁላችንም ደህና ነን። አያቴ እማማ ጣይባ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ትላለች እንጂ ምላሷ ጤነኛ ነው። ወንድሜ ሱሩር ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቶ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈታ ይውላል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲመጣ የናፍጣ ሽታው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። ሞክሼዎ አብዱልሰላምም ደህና ነው። እንደ ሁልጊዜው ዝም ብሎ ሰላምታ ልኳል። ስለ ጫማው ያመሰግናል፤ ልክ ሆኖታል።

ጦርነቱ መቼ ያልቃል ብለው ጠይቀዋል። የሚያውቁት አባባ ናቸው። በየሐሙሱ ሐድራ ላይ አምስት ሽማግሌዎች ጫታቸውን ይዘው ይሰበሰቡና የስኳር ሳህኑን አስመራ፣ የጫቱን ገራባ ናቅፋ አድርገው ይዋጋሉ። «ለመውሊድ ያልቃል» አሉ፤ መውሊድ አለፈ። አሁን «ለረመዳን» ብለዋል። የትኛው ረመዳን እንደሆነ ጠይቄ በከዘራ ልመታ ነበር።

በመውሊድ ሳምንት እኔና ሱሩር አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ሱሩር ከልብስ ሳጥኑ ኋላ ተደብቆ ባዶ የዘይት ጣሳ አፉ ላይ ደፍቶ፣ አባባ የሬዲዮኑን ቁልፍ ሲያዞሩ እንደ ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ጠርጎ «ጦርነቱ ከዛሬ ጀምሮ ማብቃቱን...» አለ። ወላሂ አጎቴ፣ ድምፁን ቢሰሙ እርስዎም ሱቅ ዘግተው ይመጡ ነበር! አባባ ሱጁድ ወረዱ። ከዚያ ተነሥተው አውራ ዶሮውን አረዱ። የተያዝነው ሬዲዮኑ በመጨረሻ በተናገረው ነገር ነው፤ ምን እንዳለ ግን አልጽፍም፤ በእኛ ቤትና በአባባ ከዘራ መካከል ይቅር።

አንድ ነገር ብቻ አላሳቀኝም። ጎረቤታችን ገበያነሽ፣ ልጇ ናቅፋ የዘመተባት፣ በአጥር በኩል ሰምታ እልል ብላ ነበር። ውሸት መሆኑን ማን ይንገራት? እማማ ነገረቻት።

አባባ ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይላኩልኝ ብለዋል።

ደብዳቤውን የሚያደርሰው የአሰቡ ሹፌር ብሩ ነው። ብሩ ሆይ፣ እስከዚህ አንብበህ ከሆነ እጥፋቱን እንደነበረ መልሰው።

ልጅዎ ጀዋሂር በሺር

ሁዴይዳ፣ ኅዳር 25 ቀን 1981

ለልጄ ለጀዋሂር

ወዐለይኩሙ ሰላም። እኔ፣ ምስጋና ለጌታዬ፣ ከቀሩት ጥርሶቼ ጋር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከአሰብ በሳንቡክ ጀልባ ደርሶኛል። ግርጌው ላይ በሌላ እጅ «እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም፤ ብሩ» የሚል ተጽፎበታል።

ስድስቱን የባትሪ ድንጋይ ልኬያለሁ። ለእንድሪስ ይህን ንገሪልኝ፤ እኔ ከ1961 ጀምሮ እዚህ ወደብ ላይ ስነግድ ያየሁት አለ። ጦርነት ሲጀመር እሳት ነው፣ ሲቆይ ግን ሱቅ ይሆናል። አንዱ ስንቅ ያቀርባል፣ አንዱ ጎማ ይሸጣል፣ አንዱ ይሾምበታል። የሚያተርፍ ሰው እስካለ ሱቁ አይዘጋም። ስለዚህ ረመዳን ረመዳን አትበሉ።

አሁን ወደ ነገሬ። «ሁላችንም ደህና ነን» ትያለሽ። በጦር አገር ሁሉም ሰው ደህና የሚሆነው ደብዳቤ ላይ ብቻ ነው። ደግሞም ሞክሼዬ ባለፈው ዓመት የላከውን የምስጋና ወረቀት ካንቺ ደብዳቤ ጎን ባስቀምጠው የእጅ ጽሑፋቸው መንታ ሆነብኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ጎረምሳ ሁለት መስመር በገዛ እጁ አይጽፍም?

ይሁን። ለእኔ አላህ ሦስት ሴት ልጆች ሰጥቶኛል፤ ወንድ የለኝም። ጣይባ በ1963 «ልጁን በስምህ ጠራነው» ብላ ስትልክብኝ በዚህ ሰፈር ለሰማ ሁሉ ተምር አድያለሁ። ስሜን የያዘ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እንዲቀር አልፈቅድም። አንድ የማምነው ናኹዳ፣ የጀልባ አዛዥ፣ አለ፤ ሳንቡኩ ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ይዤያለሁ። ለአንድ ብቻ። አብዱልሰላምን ከብሩ ጋር አሰብ ድረስ ላኩት። አስቀድማችሁ ፎቶግራፉን ላኩልኝ። ናኹዳው የማያውቀውን ፊት አይጭንም፤ እኔም የማላውቀውን አላስጭንም።

አጎትሽ ሐጂ አብዱልሰላም

ደሴ፣ ጥር 10 ቀን 1981

ለተከበሩት አጎቴ ሐጂ

ሰላምታዬ ከጦሳ ተራራ ብርድ ጋር ይድረስዎ፤ እናንተ ሙቀት ትርፍ አላችሁ ይባላል፣ ብንለዋወጥ ጥሩ ነበር።

ሞክሼዎ በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ተፈለገ። ማክሰኞ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰ፤ ሐሙስ ከቀበሌ ጓድ ደምመላሽ መጣ። የቤተሰብ መዝገቡን በብብቱ ይዞ «አብዱልሰላም በሺር፣ ዕድሜ አሥራ ስምንት፣ ለብሔራዊ ውትድርና ይቅረብ» አለ።

«ቦሩ ሜዳ ሄዷል፤ ታሟል» አለች እማማ።

«ምኑን?»

«አንተ ሐኪም ነህ? ሆዱን።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ሆዱ ሲያሻው።»

ጓድ ደምመላሽ አልሳቀም። መዝገቡን ገለጠና «እናቴ፣ ለዚህ ልጅ በየወሩ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ወስደዋል። ስኳር ሲሆን አለ፣ አገር ሲጠራ ታመመ?» አለ። በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አባባ የዚያን ቀን ሬዲዮናቸውን አልከፈቱም።

ፎቶግራፉ እነሆ። ጽሑፉን በእጁ ያልጻፈው የቀኝ እጁን በር ቆልፎበት ነው። መልከ መልካም ነው አይደል? ቶሎ ይቀበሉት፤ እባክዎ። ክፍላችን ውስጥ መስከረም ላይ ሠላሳ አንድ ወንዶች ነበሩ፤ አሁን አሥራ አራት ናቸው። የሒሳብ አስተማሪያችን ራሳቸው ሚሊሺያ ሥልጠና ሄደው የሚያስተምረን የስፖርት አስተማሪው ነው። ትናንት «ከሠላሳ አንድ አሥራ ሰባት ሲቀነስ» ብሎ ጀመረና እኛን አየት አድርጎ ሌላ ቁጥር ሰጠን።

ልጅዎ ጀዋሂር

ሁዴይዳ፣ መጋቢት 3 ቀን 1981

ለጀዋሂር በሺር

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ሰላም ከእውነት ጋር ስትሆን ነው የምታምር።

ፎቶግራፉን ለናኹዳው ከመስጠቴ በፊት ሳጥኔን ከፈትኩ። በ1974 ለዒድ የላካችሁልኝ ፎቶ አለኝ። ፍራሽ ላይ አንድ ልጅ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ጀርባው ላይ «ሱሩር፣ አህያ ጆሮውን የነከሰችው» ተብሏል። ግራ ጆሮው ጫፉ የለም። አሁን «አብዱልሰላም» ብለሽ የላክሽው ጎረምሳም ፊቱን በደንብ ወደ ግራ አዙሯል፤ ግን የፎቶ አንሺው መስተዋት ከኋላው አለ። መስተዋቱ ውስጥ ግራ ጆሮው ይታያል። ጫፉ የለም።

ጀዋሂር፣ አንዲት አህያ የሁለት ወንድማማቾችን አንድ ጆሮ እየመረጠች አትነክስም።

የገባኝን ልንገርሽ። ሱሩርን በሞክሼዬ ቦታ ልታሻግሩ፣ ስሜን የያዘውን ልጅ ለጦር ልትሰጡ ነው። ምን በደላችሁ? ጸጥተኛ ስለሆነ ነው? የሚከራከርለት ስለሌለ? ናኹዳውን አትጠብቅ ብዬዋለሁ። አብዱልሰላም ራሱ በገዛ እጁ ካልጻፈልኝ ሳንቡክ የሚባል ነገር የለም።

ሐጂ አብዱልሰላም

ደሴ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1981

ለአጎቴ ሐጂ

ረመዳን ነው፣ ጾመኛ ነኝ፤ ስለዚህ ዛሬ አልዋሽም። ይህን ደብዳቤ የሚያውቅ የለም። ብሩ ሆይ፣ አንተም አታውቅም።

አብዱልሰላም በገዛ እጁ ሊጽፍልዎ አይችልም። በተወለደ በሰባተኛው ቀን ሞቷል። እኔ አልተወለድኩም ነበር።

እማማ ያልጻፈችልዎ ለክፋት አይደለም። መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሰው በሰው ፊት ነው የሚረዳው። ደግሞ ለሰው የሞክሼውን ሞት መጻፍ የራሱን ሞት እንደ መጻፍ ነው ትላለች። «የሚሄድ ሰው ሲገኝ በአፍ እንነግረዋለን» አለች። የሚሄድ ሰው እስኪገኝ እርስዎ ጫማ ላኩ። ጫማ መጥቶ ልጁ ሞቷል ማለት አሳፈራት። ቀጥሎ ቀበሌ ተቋቋመና ጸሐፊው «ስንት ልጅ?» አላት፤ የእርስዎ ጫማ በር ላይ ተቀምጦ ነበርና «ሦስት» አለች። ለሦስት ልጅ ስኳር ተሰጣት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኛ ግን በየወሩ ሲመዘን ኖረ። ደብዳቤውን እኔ እጽፍለት ነበር፤ ጫማውን ሱሩር ያደርገው ነበር። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ በቤታችን አንድ ሙት አራት ሕያዋንን ሲያለብስና ሲያጣፍጥ ኖሯል።

አሁን ሒሳቡ መጣ። ጓድ ደምመላሽ ሁለት ወር ሲመላለስብን ቆይቶ አባባን ወስዶ የቀበሌው እስር ቤት አስገብቷቸዋል፤ ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። እማማ እውነቱን ብትናገር «በሙት ስም ስኳር በላችሁ፣ የሕዝብ ሀብት ዘረፋችሁ» ተብሎ ሌላ እስር ነው። ባትናገር «ዘማች ደበቃችሁ» ነው። አባባ ለማፍጠሪያ በላክሁላቸው ሾርባ ዕቃ ውስጥ ወረቀት ልከውልኛል፤ «ለዒድ ያልቃል» ይላል። ጦርነቱን ይሁን እስራቸውን አልገባኝም።

ሱሩር ገና አሥራ ሰባት ነው፤ ስሙ ዝርዝሩ ላይ የለም። ኮምቦልቻ ነው፣ ይህን አልሰማም። አጎቴ፣ እሱን ይውሰዱት። በራሱ ስም፣ በራሱ ጆሮ። ከሰማ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። ከመምጣቱ በፊት ያሻግሩልኝ።

ጀዋሂር

ሁዴይዳ፣ ግንቦት 2 ቀን 1981

ለልጄ ለጀዋሂር

በአላህ ስም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ሱቄን ዘጋሁ። ልጆቼ ማን ሞተ ቢሉኝ «አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ሰው» አልኳቸው። ለመቃብር ጫማ ስልክ ኖሬአለሁ፤ «ልክ ሆኖታል» እያላችሁኝ! በእናንተ ለመቆጣት ተነሥቼ ነበር፤ ለመቆጣት ግን ጊዜ የለም።

ሱሩርን ላኪው። ዛሬውኑ። ናኹዳው አሰብ ላይ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይጠብቃል፤ በእጁ የሱሩር ፎቶ አለ፣ ስሙም ሱሩር ተብሎ ተነግሮታል። በመጋቢት እሺ ማለት ነበረብኝ። በሰው ላይ ዓይኔን አጥብቤ ነግጄ የተሳሳትኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ ሱሩር «ደህና ነው» ብለሽ አትጻፊልኝ። ያለበትን ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ደሴ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1981

ለአጎቴ ሐጂ

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የብሩ መኪና ለጦሩ ጭነት ተይዞ ሁለት ወር ከግማሽ ወደ ሰሜን ስንቅ ሲያመላልስ ቆየ። ብሩ «በኪሴ ይዤው ነበር» ብሎ አለቀሰ። አንብቦታል ማለት ነው፤ ዛሬ ግን አልቀየምኩትም።

ያለበትን ጻፊ ብለዋል። የሄደበትን ልጻፍ።

ሚያዝያ 11 ቀን ጠዋት እኔና እማማ ቀበሌው በር ላይ ተቀምጠን ነበር። ሱሩር በናፍጣ ልብሱ መጣ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አንዳንዴ ገበያነሽን እጠረጥራለሁ፣ አንዳንዴ ራሴን፤ አባባ ከታሰሩ በኋላ ለጋራዡ ጓደኛው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይን ዓይኔን አየና ሳቀብኝ። ገባ።

ጓድ ደምመላሽ ሱሩርን በደንብ ያውቀዋል። የብስክሌቱን ካቴና ሦስት ጊዜ ሠርቶለታል። ብዕሩን አንሥቶ አየው።

«አብዱልሰላም በሺር ነህ?»

«ነኝ።»

«ሆድህ ተሻለህ?»

«ስኳር ስበላ ተሻለኝ፣ ጓድ።»

ጓድ ደምመላሽ መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ ጻፈ። ከቀበሌያችን የሚፈለገው ሰው ቁጥር አንድ ጎድሎበት ነበር፤ ካልሞላ ማን እንደሚተካ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጓድ ደምመላሽም ወንድ ልጅ አለው። አባባን በሌላኛው በር አስወጧቸው። አያትና የልጅ ልጅ አልተያዩም።

ፎቶ ሲነሣ «ወደ ግራ ዙር» ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ መስተዋቱን አላየሁትም። ስለዚህ የመጋቢትን ጥፋት ለብቻዎ አይውሰዱት፤ ግማሹ የኔ ነው።

አባባ ከሐድራ ቀርተዋል። ሽማግሌዎቹ «ጦርነቱን ያለ አንተ እንዴት እንምራው» ብለው ቢመጡባቸው «ተሸነፉ» አሏቸው።

ጀዋሂር

ሁዴይዳ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1983

ለልጄ ለጀዋሂር፣ በሕይወት ካለሽ

ከዚያ ደብዳቤሽ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት አልደረሰኝም። እኔም የላክሁት የት እንደቀረ አላውቅም። መንግሥታችሁ በግንቦት መውደቁን ሰምተናል። አሰብ ሲያዝ ወታደሮች ባገኙት ጀልባ ሁሉ ባሕሩን ተሻግረው ሞካ ላይ ወርደዋል። እዚያ ካምፕ ውስጥ ናቸው። ዝርዝራቸው ወደብ ላይ ተለጥፎ አየሁ።

«አብዱልሰላም በሺር፣ ደሴ።»

ተቀመጥኩ። ሰው ውሃ አመጣልኝ። እስካሁን ካምፕ የመግቢያ ፈቃድ አላገኘሁም፤ በአንድ ዘበኛ በኩል ግን «አጎቴ ሐጂን ጥሩልኝ» የሚል መልእክት መጥቶልኛል።

ልጄ፣ እኔ ዓይኔን አጥብቤ አንድ ጊዜ ጎድቻችኋለሁ። አሁን ደግሞ ከፍቼ ላሳስታችሁ አልፈልግም። ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ስም እንደሚሄድ እናንተው አስተማራችሁኝ። ሱሩር ብቻ የሚያውቀውን አንድ ነገር ጻፊልኝና ልጠይቀው። ለጣይባ ገና አትንገሪ።

አጎትሽ

ደሴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1983

ለአጎቴ ሐጂ

አለሁ። አባባና እማማም አሉ። ይህንን «ደህና ነን» ብለው አይተርጉሙት።

በግንቦት ወታደሩ በኮምቦልቻ መንገድ በእግሩ ሲጎርፍ ገበያነሽ እንስራዋን አውጥታ ውሃ ትሰጥ ነበር፤ የየትኛው ወገን እንደሆነ አትጠይቅም። የእሷ ልጅ አልመጣም። እኔ ከጎኗ ቆሜ «ሱሩርን የምታውቁ?» እያልኩ ስጠራ ዋልኩ። ማንም አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ነው ስሕተቴ የገባኝ፤ እዚያ ሱሩር የሚባል ሰው የለም። «አብዱልሰላም» እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ጎርፉ አልቆ ነበር።

ሬዲዮ ጦርነቱ አበቃ ባለ ቀን አባባ አላመኑም። ቀስ ብለው ተነሡና ከልብስ ሳጥኑ ኋላ ሄደው አዩ።

ጆሮውን አያለሁ ሊሉ ይችላሉ። ጆሮ አይመኑ፤ ጦርነቱ የብዙ ሰው ጆሮ ቆርጧል። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁት፤ «በመውሊድ ሳምንት ሬዲዮኑ በመጨረሻ ምን ብሎ ተያዘ?» መልሱ ይህ ነው፤ «ጓድ እንድሪስ፣ ፈረሰኛውን ለሱሩር አስቀምጥ።» ፈረሰኛ ከዶሮ ብልት የአባወራው ድርሻ መሆኑን ያውቃሉ። አባባ ዶሮው ሲሠራ አፋቸውን አዘጋጅተው ሲጠብቁ፣ የመንግሥት ሬዲዮ በስማቸው ጠርቶ ይህን አዘዛቸው። ይህን ከአራታችን በቀር የሰማ የለም። ብሩ ሆይ፣ አሁን አምስት ሆንን።

ይህን ካለ እሱ ነው። ያን ቀን እኔን ከሌላ ሰው በፊት ያሳውቁኝ።

ጀዋሂር

ሁዴይዳ፣ መስከረም 23 ቀን 1984

ለልጄ ለጀዋሂር

ካምፑ ገብቼ አገኘሁት። ጥያቄሽን ጠየቅሁት። ሳያመነታ፣ ባዶ እጁን እንደ ጣሳ አፉ ላይ አድርጎ በትክክል መለሰ።

ጆሮዎቹ ግን ሁለቱም ሙሉ ናቸው።

ዳቦ ሰጠሁት፤ ከመቁረሱ በፊት አማተበ። ያን ጊዜ «ስምህ ማን ነው፣ ልጄ?» አልኩት። ሸዋረጋ ይባላል፤ የመንዝ ልጅ ነው። ከሞክሼዬ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ አንድ ዓመት ከስምንት ወር ኖሯል። የነገረኝን እጽፍልሻለሁ፤ የምጽፈውን ብቻ።

«አብዱልሰላም በየምሽቱ ጣሳውን አንሥቶ ጦርነቱን ያስቆምልን ነበር። ሻለቃው ሳይቀር ሊሰማ ይመጣል። ሁልጊዜ ሲጨርስ ጓድ እንድሪስ፣ ፈረሰኛውን ለሱሩር አስቀምጥ ይላል። ሱሩር ማን እንደሆነ አናውቅም። ቤት የቀረ ታናሽ ወንድሙ ይመስለን ነበር። አንዳንዶቻችን በዚህ ሱሩር በሚሉት ልጅ እንቀና ነበር፤ ቤቱ ተቀምጦ ፈረሰኛ ይበላል እያልን።»

የመታወቂያ ወረቀቱን ለሸዋረጋ የሰጠው ባለቤቱ ራሱ ነው። «በዚህ ስም ከሄድክ ሁዴይዳ ጫማ የሚልክ አጎት አለህ» ብሎታል።

የቀረውን ወረቀት አይሸከመውም። የሚሄድ ሰው እስኪገኝም አልጠብቅም፤ የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ልጁን ይዤ ኅዳር ላይ እመጣለሁ። በር ስመታ ጣይባ ትክፈትልኝ።

አጎትሽ አብዱልሰላም

ደሴ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1984

ለአጎቴ ሐጂ

መንገዱ ይለስልስልዎ፤ ባሕሩም እንደ ምንጣፍ ይነጠፍልዎ።

ደብዳቤዎን እማማ ፊት አላነበብኩትም። አላስፈለገም፤ ከፊቴ ላይ አነበበችው። «ይመጣል አይደል?» አለችኝ። «ይመጣሉ» አልኳት። «ራሱ ሊመጣ ነው» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷን አላለችም።

በሦስተኛው ቀን አዲሶቹ የቀበሌ ሰዎች ቤተሰብ ሊመዘግቡ መጡ። ወጣቱ ጸሐፊ «ወንድ ልጅ ስንት?» አላት።

«ሁለት ነበሩኝ። ሁለቱም ሞተዋል። ጻፍ» አለች።

«እናቴ፣ የሞተ አይመዘገብም።»

«እናንተ ዘንድ አይመዘገብም ወይ? በፊት ይመዘገብ ነበር። ጻፍ። ስኳር አልፈልግም።»

ጻፈ።

ሸዋረጋን በምን ስም እንጥራው ብዬ ተጨንቄ ነበር። እማማ «እናቱ ባወጣችለት ስም ነዋ! ያ ስም ይረፍ» ብላኛለች። ሁለት አውራ ዶሮ ገዝተናል። አንዱን አባባ በቢስሚላህ ያርዳሉ። አንዱን ገበያነሽ በቤቷ በእነሱ ሥርዓት አሳርዳ ትሠራለታለች፤ «የኔም ልጅ የሆነ ሰው ቤት እየበላ ይሆናል» ብላ ገንዘብ አልቀበልም አለች። ብሩ እናንተን ከአሰብ ለማምጣት ተራውን አስለውጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ጠየቅሁት፤ ሁሉንም ደብዳቤ አንብቧል።

ትናንት አባባ ሬዲዮናቸውን አውጥተው አቧራውን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። የላኩላቸውን የባትሪ ድንጋይ እስከ ዛሬ አልጨረሱትም። ላስቃቸው ብዬ፣ ምን እንደምል ስለጠፋኝም፣ «አባባ፣ የዘንድሮውን ፈረሰኛ ማን ሊበላው ነው?» አልኳቸው።

ቁልፉን አዙረው ዘጉት።

«በሬዲዮ ታዝዣለሁ» አሉ፤ «ይቀመጣል።»

ጀዋሂር በሺር